ደንቡን ያሟላው ሸማኔ

አንድ የእድር ዳኛ ነበሩ፤ አቶ ወልደየስ የሚባሉ። በአንድ ክፉ ክረምት ሰፈሩን ተላላፊ ተቅማጥ ሲያሰጋው የእድሩን ሣጥን ከፍተው ኖራ ገዙ፣ መጸዳጃ አስቆፈሩ፣ ውሃ ሳያፈላ የሚጠጣውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ተቆጡ። ከሰፈሩ አንድም ሰው አልሞተም። ከዚያ ወዲህ በበሽታ ነገር የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ቃል ሆነ፤ እሳቸውም ይህን አልጠሉትም።

ከዓመታት በኋላ ጎረቤታቸውና የልብ ወዳጃቸው ሸማኔው ቸኮል በስብሰባ መካከል ተነሣ።

«ደም ግፊት አለብህ ተብያለሁ» አለ። «መድኃኒቱ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚዋጥ ነው፤ ሥራ ደግሞ ቀዝቅዞብኛል። እድሩ ቢደግፈኝ ብዬ ነው። ሌላውም ሰው ቢለካ ጥሩ ነው፤ እኔ እንኳ ምንም ሳያመኝ ነው የተገኘብኝ።»

«ወደ ሰው ይጋባል?» ሲሉ ጠየቁ ዳኛው።

«ኧረ አይጋባም ጋሼ።»

«እንግዲያው የግልህ ጉዳይ ነው። ደንባችን ሰው ሲሞት እንጂ ሲታመም አይልም። ደግሞስ ደህናውን ሰው ለክተህ በሽተኛ ልታደርገው ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ቸኮልም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ገንዘብ ሲያጥረው መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዋጠ አንድ ቀን ይተው ጀመር፤ ኋላም ጭራሽ አቆመ። ብዙም ሳይቆይ ሽመናው ላይ እንደተቀመጠ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። በሰው ሸክም ወጣ፤ በሳምንቱ ሞተ።

እድሩ ለሬሳ ንፉግ አይደለም። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ለመድኃኒት ያልተገኘው ገንዘብ ለቀብር ተገኘ። ዳኛው ሊያጽናኗት ከሚስቱ ከየሺመቤት አጠገብ ሲቀመጡ፣ ቀና ብላ ሳታያቸው «ጋሼ፣ ደንቡን እኮ አሟላላችሁ» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ሥራ በዛበት። ስኳር ያለባት ልብስ ሰፊ ሞተች፤ ልቡ የደከመ ሾፌርም ተከተላት። የየሺመቤት ቃል እንቅልፍ የነሣቸው ዳኛ ለማንም ሳይናገሩ ሄደው ተመረመሩ።

«ግፊትዎ የቆየ ነው፤ ኩላሊትዎን ጎድቶታል» አላቸው ሐኪሙ። «እስካሁን የት ነበሩ?»

«ድንኳን ስተክል» አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛው ተነሥተው ተናገሩ። ደንቡ ይሻሻል፣ ሁላችንም እንለካ፣ የታመመ ሰው ሳይሞት ይታገዝ አሉ። ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ።

«ወደ ሰው ይጋባል?»

ዳኛው መሬት መሬት እያዩ «አይጋባም» አሉ።

ስብሰባው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። ድንኳኑ ስላረጀ ሌላ ይገዛ የሚል ነበር፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወዳጆቼ፣ ደም ግፊቱም ስኳሩም ልብ ድካሙም አይጋቡም፤ ግን በየቤቱ አሉ። ሳያሳምሙ ይቆያሉ፤ በጊዜ ለተለካና ለታከመ ሰው ደግሞ ብዙ ዕድሜ ይተዋሉ። ቸኮልን የገደለው ግፊቱ ብቻ አይደለም። ለሬሳው የተሰበሰበው ሰው ለሕይወቱ ሳይሰበሰብ መቅረቱም ነው። የእናንተስ እድር የሚሰበሰበው ለየትኛው ነው?