የማዶዋ ሴት ያልጨረሰችው ሙሾ

አንድ ገበሬ ነበረ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት።

ይህን የምጽፍልሽ፣ እናኑ፣ ባለፈው ቅዳሜ በንባብ ክበባችን ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ነው። «በሚቀጥለው ወር የላቲን አሜሪካ ደራሲዎችን እናንብብ» ስል እጅሽን አወጣሽና «የራሳችን ለቅሶ አላልቅ ብሎን የሰው አገር ለቅሶ ልንዋስ ነው እንዴ?» አልሽ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ የገበሬውን ነገር እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

የገበሬው አባት ሞቱ። በሰልስቱ ዳስ ተጣለ፤ አገሬው ተሰበሰበ። በዚያ አገር ወግ አልቃሽ የምታወርደው የሟቹን ዘርና ጀግንነት ነው፤ እንዴት እንደሞተ አይነሳም፤ ነውር ነው። ከትልቁ ገደል ማዶ ግን ወጉ ሌላ ነበር። የማዶ አልቃሽ መጀመሪያ ሟቹ ማን እንደነበረ፣ ቀጥላ ምን እንደገደለው፣ በመጨረሻም በሕይወት ያለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳትናገር አትቀመጥም።

ለቅሶው ሲሞቅ ከማዶ የመጣች አንዲት አሮጊት ዳሱ ውስጥ ገባች። ማንም አያውቃትም። አነጋገሯ የማዶ ሰው አነጋገር ስለሆነ ገና አፏን ስትከፍት ወጣቶቹ ተጠቃቀሱ። እሷ ግን መሐል ቆማ አወረደች፦

«ፈረስ የማይቀድመው ጎልማሳ ነበረ፣
በእጁ እየዳኸ ከመንገድ ዳር ቀረ።»

«ስለ ማን ነው የምታወራው?» አለች አንዷ። «አባታችን በአልጋቸው ላይ አይደል እንዴ ያረፉት?»

«ተያት፣ ለቅሶ ተሳስታ ነው» አለቻት ጎረቤቷ።

አሮጊቷ አላቆመችም፦

«እኛም ከደጅ ነበር የጣድነው ጓያውን፣
እንፋሎት ነው ብለን እግር የሚያስረውን።»

እዚህ ላይ ስለ ጓያ ልንገርሽ። ጓያ የአተር ዘመድ ነው። ዝናብ ቢቀር፣ ውሃ ቢተኛበት፣ ሌላው እህል ሁሉ ቢሞት እሱ ይበቅላል፤ የክፉ ቀን እህል ነው። ነገር ግን ለብቻው ወራት ሙሉ ሲበሉት እግር ያሽመደምዳል። የዚያ መንደር ሰዎች እግር እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር። የሚጎዳው ግን ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ይመስላቸው ስለነበር ድስቱን ከደጅ ይጥዳሉ፤ ልጆቻቸውን ያርቃሉ። ከዚያ ደህና ነን ብለው ቁጭ ብለው ይበላሉ። የማዶ ሰዎችም ከእነሱ በፊት ልክ እንዲሁ ያስቡ ነበር። አሮጊቷ የምትለው ይህንኑ ነበር። የቀራት ሦስተኛው ስንኝ ብቻ ነው።

ገበሬው ግን ተነሳ። አዝኗል፤ ተናዷልም። እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«እመት፣ ይህ የአባቴ ዳስ ነው። የሚያለቅሱ ከሆነ አባቴን ያልቅሱልኝ። የራስዎን ሙት ይዘው ከመጡ ግን አገርዎ ይመልሱት። እኛ የራሳችን ሙት አላነሰንም።»

ዳሱ «እውነት ነው!» ብሎ አጉረመረመ። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሺ፣ የኔ ጌታ። አንዲት ስንኝ ብቻ ነበረች የቀረችኝ።»

«እሷንም እዚያው» አለና ፊቱን አዞረ። አሮጊቷ ወጥታ የገደሉን መንገድ ያዘች፤ ማንም አልሸኛት።

በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። ጤፉ ከመሬት ሳይነሳ ደረቀ፤ ገብሱም ጥቂት ቁና ብቻ ሰጠ፤ እሱንም ለዘር አስቀመጡት። ጓያው ግን አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ገበሬው እግዜርን አመሰገነ። ሚስቱ ድስቷን ከደጅ ጣደች፤ ልጆቿን ከእንፋሎቱ አራቀች። ጠዋት ንፍሮ፣ ቀን ቂጣ፣ ማታ ወጥ፤ ሁሉም ጓያ፣ ሦስት ወር ሙሉ። ወንዱ ልጅ ሥራው ከባድ ስለሆነ ይበልጥ ይሰጠው ነበር። እናቱ ከድርሻዋ እየቀነሰች ትጨምርለት ነበር፤ እሱ ይጠንክር ብላ። ዕድሜው አሥራ ስምንት ነው፤ ታጭቶለታል፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል።

አንድ ቀን ሲያርስ ጉልበቱ ከዳው። እርፉን ተደግፎ ሳቀ።

«አባዬ፣ እግሬ ጠላ ጠጥቷል መሰለኝ!»

አባቱም ሳቀ። «ሠርግህ እስኪደርስ ጠብቅ በለው።»

በሳምንቱ ልጁ አንድ በትር ያዘ። በወሩ ሁለት። ከዚያ በትሩም አልበቃውም፤ መዳፉ ላይ የጫማ ቁራጭ አስሮ መሬት ለመሬት ይሄድ ጀመር። የእጮኛው አባት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቀለበቱን መሬት ላይ አስቀመጡና ወጡ። በመንደሩ እንደሱ የሆኑ ወጣቶች አሥራ አንድ ደረሱ።

ያኔ ገበሬው ገደሉን ተሻገረ። ሁለት ቀን ሄዶ፣ ቤት ለቤት ጠይቆ አሮጊቷን አገኛት። እህል ታበጥር ነበር። አላወቀችውም።

«እናቴ፣ በአባቴ ሰልስት ላይ ያስቆምኩዎ ሰው ነኝ። የቀረችውን ስንኝ ልሰማ መጣሁ።»

ሰፌዷን አስቀመጠች። ዜማ አላወጣችም፤ ዝም ብላ እንደ ወሬ ነገረችው፦

«ለብቻው አትብሉት፣ ከገብስ ደባልቁት፣
ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውሃውንም ድፉት።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ለልጄስ? ለልጄ እግር የሚሆን ሌላ ስንኝ የለም?»

«የለም፣ የኔ ልጅ። ይቺ ላልበላ ሰው ነበረች። ለበላማ ቢኖር የእኔም ልጅ መንገድ ዳር አይቀርም ነበር። እኔ ለቅሶ ፈልጌ ነው ያን ገደል የወረድኩት? እሱማ እዚህም ሞልቶኛል።»

ገበሬው ተመለሰ። ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ አውጥቶ ከጓያው ደባለቀ፤ ዘፈዘፈ፤ ውሃውን ደፋ። ሴቷ ልጁ ዛሬም በእግሯ ትሄዳለች። ወንዱ ገበያ በር ላይ ተቀምጧል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እናኑ። ጥያቄሽ ክፉ አልነበረም፤ የገበሬውም ቃል ክፉ አልነበረም። ያዘነ ሰው ቃል ነው። እኛም አዝነናል፤ የራሳችንን ደራሲዎችም አንብበን አልጨረስንም። ግን አስቢው። ከሜክሲኮ እስከ ቺሊ ያሉት ደራሲዎች፣ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረው ያደጉትም የእነሱ ልጆች፣ ብዙውን የእኛን ነገር ከእኛ በፊት ቀምሰውታል። «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብሎ ወንበር ላይ የወጣ ጄኔራል ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ጽፈዋል። ለሩቅ አገር ገበያ እየተከለ የራሱን በቆሎ ያጣ መንደር ምን እንደሚሆን ጽፈዋል። ልጇ ከቤት ተወስዶ የቀረባት እናት ፎቶ ይዛ የት የት እንደምትዞር ጽፈዋል። ደላላ አምነው በረሃ ስለገቡ ወጣቶችም ጽፈዋል፤ ደላላው የሚላቸውን ቃል ስታነቢ የእኛ ሰፈር ሰው የሚናገር ይመስልሻል። አነጋገሩ እንግዳ ይሆንብሻል፤ ስሞቹ ምላስ ያስራሉ። ወደ አማርኛ የተመለሰው ጥቂት ነው፤ ቀሪውን በእንግሊዝኛ እየተንተባተብን እናነበዋለን። ይሁን። አሮጊቷም አነጋገሯ እንግዳ ነበር።

መጽሐፍ የተሽመደመደ እግር አይመልስም። ይህን አልዋሽሽም። ከክፍልሽ በመተማ በኩል ለስደት የወጡት ሁለቱ ልጆች ጋ የሚደርስ ስንኝ የለኝም፤ ስልካቸው ከተዘጋ አምስት ወር ሆኗል። የክፍል ጓደኛሽ ሽፈራው ግን ገና እዚህ ነው። ቦርሳ ገዝቷል፤ ደላላ እያነጋገረ መሆኑን ነግረሽኛል። ስለ በረሃው የተጻፈውን አንቺ ቀድመሽ አንብቢው፤ ከዚያ ሄደሽ ንገሪው። ይስቅብሻል። «የሰው አገር ወሬ» ይልሻል፤ እጁን ዘርግቶ ያስቆምሽም ይሆናል።

አትቁሚ። ሳትጨርሺ አትውጪ።