ሽመላዎቹ እንዳይበሩ

ወፍ ማየት የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። መምህሩ እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ ብቻውን የሚኖር አንድ ጎልማሳ «መምህር፣ ለምንድን ነው ጠያቂ የሌለኝ?» ብሎ ስለጠየቃቸው ነው።

ሰውየው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው። ሚስት የለውም። እናቱ ካረፉ ወዲህ በሩን የሚያንኳኳም አልነበረም። በየዓመቱ በበልግ፣ ብርድ ሸሽተው የመጡት ሽመላዎች ወደ ሰሜን ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ያለው ፓርክ ውስጥ ያርፋሉ። እሱም ያኔ ከሥራው ፈቃድ ይወጣና ከሸምበቆ በሠራት ጠባብ መደበቂያ ውስጥ ይቀመጣል። የት እንደሠራት ለፓርኩ ጥበቃ እንኳ አልነገረውም። የወፍ ተመልካች ሕጉ ይኸው ነው፤ አለመታየት፣ አለመሰማት። ሳል ሲመጣበት ሻርፑን ይነክሳል። ትንኝ ከንፈሩ ላይ ብታርፍ ይተዋታል።

ሲመሽ ግን ለጥበቃው ያማርራል። «ብሞት እንኳ የሚያውቅልኝ የለም።»

ጥበቃው ይስቅበታል። «አንተ እኮ ሳትሞት ነው የጠፋኸው!»

አንድ ጠዋት እግሯ ላይ ቀለበት ያለባት ሽመላ መጣች። ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ያሰሩላት ቀለበት ነው፤ ቁጥሩን ያነበበ ከየት እንደተነሳች ማወቅ ይችላል። ሰውየው የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ ጠበቀ። ሽመላዋ በአንድ እግሯ ቆማለች። ቀለበቱ ያለው በታጠፈው ላይ ነው።

ከበስተኋላው፣ ከመንገዱ በኩል፣ ድምፅ መጣ።

«ማሙሽዬ!»

በዚህ ስም የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቱ። ከእናታቸው ተዝካር በኋላ አልተያዩም። ገና ሳይነጋ ተነስታ፣ መኪና ቀያይራ መጥታለች።

«ማሙሽዬ! እኔ ነኝ፤ የት ነህ?»

ሽመላዎቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ድምፁ ሩቅ ነውና አልተነሱም። ሰውየው አፉን ሊከፍት ነበር። ያኔ ሽመላዋ የታጠፈውን እግሯን ዘረጋች። ከዚህ ከጮኸ መንጋው በሙሉ ይበራል።

ትንሽ ትቆየኝ፣ አለ በልቡ። ትንሽ ብቻ።

«አንተ ጉድ! ከወፎቹ ጋር አብረህ ሄድክ እንዴ?» ብላ እህቱ ሳቀች። ብቻዋን ነው የሳቀችው። በሸምበቆው ስንጥቅ ዘወር ብሎ አያት። ጫማዋን አውልቃ አሸዋ ታራግፋለች፤ ጥበቃው አጠገቧ ቆሟል። ተጋግዘው ተጣሩ። ቆይተው ተዉት። ነፋሱ ወደ እሱ ስለነበር ሁሉንም ሰማ።

«መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ» አለች ለጥበቃው። «ሲመጣ፣ እህትህ መጥታ… ወይ ተወው ወንድሜ። ደህና ከሆነ ይበቃኛል።»

ሰውየው ቁጥሩን አነበበ። አንዱም አልተሰወረበትም። አንብቦም ቀና ሲል፣ «አገኘሁት» ብሎ የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ፀሐይዋ ስትበረታ ሽመላዎቹ ማንም ሳይነካቸው ተነሱ። ሰማዩ ላይ እየዞሩ፣ እየዞሩ ወደ ላይ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን። ሐይቁ ዳር ላባ ቀረ። ሰውየው ከሸምበቆው ወጥቶ ወደ መንገዱ ሮጠ። «እታለም!» ብሎ ጮኸ። ታፍኖ የዋለ ድምፁ ተሰነጣጠቀበት። መንገዱ ላይ አቧራ ብቻ ነበር።

ጥበቃው በሩ ላይ አየው። «ለካ እዚሁ ነበርክ?»

«ወፎቹ እንዳይበሩብኝ ብዬ ነው።»

«እና ቀሩልህ?»

መምህሩ እዚህ ላይ ምሳሌውን አቁመው ወደ ጎልማሳው ዞሩ።

«ልጄ፣ ወፍ ዝም ላለ ትቀርባለች። ሰው ግን የሚቀርበው አቤት ላለው ነው። ያ ሰው ለወፍ የተማረውን ዝምታ ለእህቱ አዋለው። አንተም እንደሱ ነህ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በርህን ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩ። ሬዲዮኑን ስትቀንሰው ሰምቻለሁ።»