ነጠላ የለበሰው በርጩማ

ተረቴ መጣች፤ ጠጋ ጠጋ በሉላት!

እትዬ ማንያህልሻል አንዲት ድመት ነበረቻቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የድመቷ ሥራ ከጧት እስከ ማታ መጮህ ሆነ። ወተት ቢያቀርቡላት ትጮሃለች፤ በሩን ቢከፍቱላት ደጁን አየት አድርጋ ትመለስና ትጮሃለች።

ቢጨንቃቸው ውሻውን ጠየቁት። «ምን ፈልጋ ይመስልሃል?»

«አጥንት ነዋ!» አለ ውሻ ምራቁን እየዋጠ።

አጥንት ሰጧት፤ ጮኸች።

ዶሮዋን ጠየቋት።

«ጥሬ ይበተንላት፣ እመቤቴ! ከጥሬ ወዲያ ምን ይፈለጋል?»

ጥሬ በተኑላት፤ ዶሮዋ ለቀመችው፣ ድመቷ ጮኸች።

«እሷንም ላጣት ነው እንዴ?» አሉ እትዬ። ዞር ብለው ሳያዩ ያገኙት መቀመጫ ላይ ዘፍ አሉ። ለካስ የባላቸው በርጩማ ኖሯል! ከተዝካሩ ወዲህ ነጠላ አልብሰውት፣ እንግዳ እንኳ እንዳይቀመጥበት ሲከለክሉ ነው የኖሩት። የሟቹን ስምም አንሥተው አያውቁም።

ደንግጠው ሊነሡ ሲሉ ድመቷ ዘላ ጭናቸው ላይ ወጣች። ጥቅልል ብላ ተኛች፤ ጩኸቷም ጸጥ አለ።

እትዬ ጀርባዋን ዳበስ አደረጓት። «ደምሌም እዚህ ተቀምጦ እንዲህ ያቅፍሽ ነበር፣ አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያማ የደምሌን ቀልድ አነሡ፣ የደምሌን ኩርፊያ አነሡ፤ እየሳቁም እያለቀሱም ወሬያቸው አላልቅ አለ።

ደጅ ያለችው ዶሮ ግራ ገባት። «ድመቷ ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?»

«እየሰማች ነዋ» አለ ውሻ።

ተረቴ ተነሣች፤ መቀመጫዋን ለእናንተ ለቃለች።