ሞልቼ ሳላይ አልገዛም

አንዲት የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ በአንዲት የወረዳ ከተማ ትኖር ነበር። ስሟ ትርንጎ ነው። የከተማው ሰርግ ሁሉ እሷ ቤት፣ ኮምፒውተሯ ውስጥ ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ሐዘኑ በረድ ሲልለት ወደ እሷ ይመጣል። ሟች በእገሌ ሰርግ ሲጨፍር፣ ሲመርቅ፣ ከሚዜ ጋር ሲሟገት ቁጭ ብሎ ያያል፤ አልቅሶም ስቆም ይሄዳል። ከዚያ ኮምፒውተር በቀር የሟቹን ድምፅ የሚያገኝበት የሌለው ብዙ ነበር።

ኮምፒውተሩ ግን አረጀ። አንድ ሰርግ እስኪከፍት ሙሽራ የሚጠበቀውን ያህል ያስጠብቅ ጀመር፤ ሰርጎቹን የያዘው ዲስክም ውስጥ ውስጡን ቀጭ ቀጭ ይላል። "ኮምፒውተሩን አትጣይው፤ ዲስኩን ብቻ ለውጪ። የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ አለ፤ ኤስኤስዲ ይሉታል" ብለው መከሯት። ምክሩ ትክክል ነው። የትኛውን የሚለው ነው ጣጣው።

ትርንጎ ኮምፒውተሯን ባጃጅ ላይ ጭና አቶ ምትኩ ሱቅ ሄደች። አቶ ምትኩ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ናቸው፤ ልጇን ክርስትና ያነሱላት አበልጇም ናቸው። አበልጅን መጠራጠር ደግሞ በዚያ ከተማ ነውር ነው።

ሁለት ዲስክ አወጡላት። አንዱ በሚያብለጨልጭ ካርቶን የታሸገ፣ "ሁለት ቴራ" ይይዛል የተባለ ነው። ሌላው የዚያን ሩብ ብቻ የሚይዝ፣ ካርቶኑም የደበዘዘ። ዋጋቸው እኩል ነው።

"ትልቁን ይውሰዱ እንጂ አበልጄ። ከተማው ሁሉ እየወሰደው ነው" አሉ።

"ሞልቼ ልየውና እወስዳለሁ።"

"እንዴት ያለ መሙላት?"

"ሰርጎቹን በሙሉ እዚሁ እቀዳበታለሁ። ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈትኩ አያለሁ።"

ተራ ይጠብቁ የነበሩት የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኧረ ተይ ልጄ! አበልጅሽ እኮ ናቸው፤ ነውር ነው።"

የአቶ ምትኩ ፊት ጠቆረ። "እኔን ነው የሚጠረጥሩት?"

"እርስዎን አልጠረጠርኩም። ልጄን ክርስትና ያነሱት እርስዎ ነዎት፤ ይሄን ዲስክ ግን ማን እንዳነሳው አላውቅም። ጤፍ ስገዛ የጆንያውን አፍ አይቼ አልሄድም። እጄን እስከ ክርኔ እሰድና ከሥር እዘግናለሁ።"

"እሽጉ ከተቀደደ በኋላ ማን ይገዛኛል?"

"ደህና ከሆነ እኔ። ካልሆነ ደግሞ ማንም ባይገዛዎት ይሻላል።"

ይህን ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድርቅ ያለች ሴት ናት አሏት። ይበሉ! እኔ ግን እንዲህ ያለችዋን ሴት እወዳታለሁ።

መጀመሪያ የቀዳችው የአቶ ምትኩን ልጅ ሰርግ ነው፤ አሁን በሕይወት የሌሉት እናታቸው ሙሽሮቹን የመረቁበትን። ሌሎቹም ተከተሉ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ጨረሰ።

"አዩልኝ?" አሉ አቶ ምትኩ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"ገና ነኝ" አለች። የመጨረሻውን ሰርግ ከፈተች፤ ሠራ። የመጀመሪያውን ከፈተች። ስሙ አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ጨለማ ነው። ያ ዲስክ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሩቡን እንኳ አይይዝም። ሲሞላ ዝም ብሎ በፊተኛው ላይ ይጽፋል፤ ስሙን ብቻ ያስቀራል።

"እናቴስ?" አሉ አቶ ምትኩ፣ ጠረጴዛውን ይዘው።

"አይደንግጡ፤ ዋናው አሮጌው ዲስክ ላይ አለ። አምኜዎት ወስጄ አሮጌውን ጥዬው ቢሆን ኖሮ ግን እናትዎን ሁለተኛ ቀብረናቸው ነበር።"

ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔም ሳልፈትሽ ነው የተረከብኩት። ያመጣልኝ የእህቴ ባል ነው። እንዴት ብዬ ልጠይቀው?" አሉ።

"እኔ እርስዎን እንደጠየቅሁት" አለች። "በሉ አሁን ያንን ትንሹን ያምጡት።"

"እሱ እንኳ ደህና ነው፤ እኔም ቤት አለ።"

"እሱንም እሞላዋለሁ።"

በዚህኛው ጊዜ እሽጉን የቀደዱት ራሳቸው አቶ ምትኩ ናቸው። ሱቅ ሳይዘጋ ሰርጎቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ እናትየውም "ውለዱ፣ ክበዱ" እያሉ መረቁ። ትርንጎ ያንን ገዝታ ሄደች። በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ባለፈው ወር የገዙትን ባለ ሁለት ቴራ ዲስክ ጋቢያቸው ሥር ደብቀው፣ ቀስ ብለው ትርንጎ በር ላይ ቆሙ።

ወዳጆቼ፣ ይሉኝታን ጨዋነት አድርገን ስንቱን ነገር ከነእሽጉ ተቀበልን! ነጋዴው አማቹን አፈረ፣ ገዢው ነጋዴውን አፈረ፤ ተፋፍረው ተፋፍረው የሙታኑን ድምፅ ሊያጠፉት ነበር። ሐቀኛ ሰው ቢፈትሹት አይቀየምም። ቢቀየምም ይታረቃል፤ የጠፋው ግን በእርቅ አይመለስም። ስለዚህ "ነውር ነው" ቢሏችሁም ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና "ልየው" በሉ።

እናንተስ፣ የሰጣችሁ ሰው ዘመድ ስለሆነ ብቻ እስከ ዛሬ ሳትፈትሹ የያዛችሁት ምንድን ነው?