ለልጃቸው ሲሉ ያልቆረጡት ዛፍ

ወገኖቼ፣ አንድ አባት ነበሩ። ደጋ አገር የሚኖሩ፣ ጠባብ ማሳ፣ አንዲት የምትታለብ ላምና አንዲት ሴት ልጅ ያላቸው ሰው ናቸው። ላሚቱ ቦሪት ትባላለች፤ ልጅቱ የሻረግ። ከሁለቱ ማንን አብልጠው ይወዱ እንደነበር ባለቤታቸውን ወይዘሮ አትጠገብን ብትጠይቋቸው፣ እየሳቁ «ቀኑን አይቶ ነው» ይሏችኋል።

የሻረግ ገና ሳትዳር ከችግኝ ጣቢያ ትሪሉሰርን አምጥታ በአጥሩ ጥግ ተከለች። ታውቁታላችሁ አይደል? ለከብት መኖ የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። ውርጭ አይበግረውም፤ በበጋ ሳሩ ሁሉ ሲያር እሱ ለምለም ነው። ቅጠሉ ፕሮቲን የሞላበት ስለሆነ ለከሳ ከብት ሥጋ፣ ለምትታለብ ላም ወተት ይሆናል። በሰው ወገብ ልክ እየቆረጡ ሲያበሉት ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከዚያ የሻረግ ተዳረችና ሩቅ አገር ሄደች።

አባትየው፣ ጋሽ ደምመላሽ፣ ልጃቸውን ሸኝተው ሲመለሱ ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቃቸው። ምን ቀረላቸው? ያ እጇ የነካው ችግኝ ቀረላቸው። ኮተኮቱት፣ አጠሩት፣ ጠዋት ሲወጡ መጀመሪያ እሱን ማየት ጀመሩ። ይህን ቆርጦ ለላም መስጠት? እንዴት ተደርጎ!

ደግሞም ያገሩ ሰው ባህር ዛፍ ተክሎ የኖረ ነው። እዚያ ዛፍ የሚመሰገነው ሽቅብ ሲመዘዝ ነው። መንገደኛ ቆም ብሎ ባደነቀላቸው ቁጥር ደረታቸው ይነፋል፤ «የልጄ ነው» ይላሉ። ወይዘሮ አትጠገብ ለላሚቱ ጥቂት እንዲቆርጡላት ስንቴ ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን የልጃቸውን ክንድ ቁረጡ የተባሉ ያህል ይቆጣሉ። እናም ዛፉ ከቤቱ ጣሪያ በላይ አለፈ፤ ግንዱ ወፈረ፤ ቅጠሉ ወደ ጫፉ ሸሸ። ከሥሩ ቦሪት ታስራ ደረቅ ጭድ ታኝካለች።

የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የሻረግም ቀኗ ሲቃረብ ልትወልድ መጣች። ወሩ የበጋ ወር ነው። የገንፎው እህል ተሰናድቷል፤ ወተቱና ቅቤውስ? ቦሪት ልትነጥፍ ምንም አልቀራትም፤ የራሷ ጥጃ እንኳ ጠግባ አታድርም። ጋሽ ደምመላሽ ጎረቤት ዞሩ፤ በጋው ግን የሁሉም በጋ ነበር። አስቡት እስቲ፤ አንድያ ልጃቸው በእሳቸው ቤት ታርሳ አንድ ብርጭቆ ወተት ልታጣ ነው። አፈሩ፤ እህል እምቢ አላቸው።

የሻረግ ዛፉን ቀና ብላ አየችው። ዝቅ ብላ ደግሞ የቦሪትን ጎድን አየች። ማጭድ አንሥታ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ተንጠራራች።

አባቷ ሮጠው እጇን ያዙ። «ተይ ልጄ፣ ያንቺ እኮ ነው። አንቺን የማይሽ በሱ ነው» አሏት።

እሷም እጃቸው በእጇ ላይ እንዳለ «አባባ፣ እኔ የተከልኩት ቦሪት እንድትበላው ነው። እኔ ስሄድ ወተት እንዳታጡ ብዬ ነው» አለች።

ጋሽ ደምመላሽ አለቀሱ። ይህን ያህል ዘመን የጠበቁት የልጃቸውን እጅ ሥራ ነበር፤ ልጃቸው ያሰበችላቸውን ግን አልቀመሱትም። ማጭዱን ተቀበሏት፣ እሷን ጥላ ሥር አስቀመጧትና ዛፉ ላይ ወጥተው ይቆርጡ ጀመር። ቦሪት ለምለሙን እስክትጠግብ በላች፤ በነጋታውም፣ ከዚያም ወዲያ። ወተቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። የሻረግ ስትወልድ ለእናትም ለልጅም የሚሆን ነበረ፤ የተቆረጠውም ዛፍ ዝናብ ሲያገኝ ከጎኑ አቆጠቆጠ።

ወገኖቼ፣ በጋሽ ደምመላሽ አትሳቁ። ፍቅራቸው ሐሰት ነበረ? አልነበረም። ከልባቸው ይወዱ ነበር። ነገር ግን ስጦታውን ሲጠብቁ ሰጪዋ ምን እንዳሰበች መጠየቅ ረሱ። በፍቅር የተተከለው ነገር በፍቅር ተጠብቆ ማንንም ሳያበላ ኖረ።

እኛስ? የእግዚአብሔርን ስም ከፍ አድርገናል፤ መልካም አድርገናል። ግን እንደ ጋሽ ደምመላሽ ዛፍ ከፍ ብሎ ሲቀር፣ የተራበ ሰው እጅ ይደርስበታል ወይ? ቸርነቱን በዜማ እናመሰግናለን፤ ቸርነቱን የሰጠን እኮ ቆርጠን እንድናካፍለው ነው። ብንሰጥ የሚያልቅብን ይመስለናል። ያልቃል ብሎ ማን ነገራችሁ?

እናቶቻችሁን አስቡ። ያለፉትን እናቶቻችሁን። ፎቶግራፋቸውን በትልቁ አሳጥባችሁ፣ በመስታወት አድርጋችሁ፣ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ሳሎን ሰቅላችኋል። ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን እናታችሁ በየሳምንቱ ምሳ ትልክላት የነበረች አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ከናንተ ቤት በታች፣ ያቺ ዓይኗ የደከመው። እናታችሁ ካረፈች ወዲህ ማን ላከላት?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የእናታችሁን ፎቶግራፍ አቧራ ከመጥረጋችሁ በፊት፣ የዚያችን ሴት በር አንኳኩ።