እመት ማንጠግቦሽ እና የነጋድራሱ ቁና

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናንተ ትልልቆቹም አትሽሹ፤ ይኼ ተረት የልጆች ብቻ አይደለም፣ ደሞዝ ለሚጠብቅ ሁሉ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ሽማግሌዎች እንኳ ስሙን የረሱት አንድ አገር ነበር። የዚያ አገር ጌታ አንበሳ ነው። አንበሳው ጨው ይነግዳል። ጨዉን ከቆላ ተሸክሞ ደጋ የሚያወጣለት ስንት አህያ፣ ስንት በቅሎ፣ ስንት ግመል ነበረው መሰላችሁ! የሚሠራልኝን አልበላም ብሎ ምሎላቸዋል፤ መሐላውንም አላፈረሰም። ደሞዛቸውን የሚከፍላቸው በዚያው በጨው ነው። ያን ጊዜ ብር የለ፣ ሳንቲም የለ፤ ገንዘቡ እንደ ጡብ የተጠረበ ጨው ነው። አሞሌ ይሉታል።

ከሠራተኞቹ አንዱ ጫኔ የሚባል አህያ ነበር። ጀርባው ሰፊ፣ ልቡ የዋህ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን። ሚስቱ እመት ማንጠግቦሽ ግን ሌላ ናት። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታዳምጣለች፣ አዳምጣም ቶሎ አትናገርም። አንዲት ውርንጭላ አለቻቸው፤ እሷን ሲያዩ ድካማቸውን ይረሳሉ።

የአገሩ ገብስ ደግሞ ያለው በአንድ ነጋዴ እጅ ነው። ነጋድራስ ቀበሮ ይባላል። አዝመራ ሲሰበሰብ ገብሱን ጠቅልሎ ይገዛና በጉድጓድ ይከተዋል። ቀበሮ መቼም ገብስ አይበላ፤ እሱ የሚበላው ገብስ የሚበሉትን ነው።

የገበያው ሕግ እንዲህ ነበር። ጠዋት ገበያ ሲከፈት ነጋድራስ መስፈሪያ ቁናውን በሕዝብ ፊት ያስቀምጣል። አንድ አሞሌ ያመጣ አንድ ቁና ገብስ ይሰፈርለታል። አንዴ የተቀመጠ ቁና ፀሐይ እስክትጠልቅ አይነሳም፣ አይለወጥም።

አንድ መስከረም አንበሳው ነጋሪት አስጎሰመ። "ሠራተኞቼ ሆይ! ደክማችኋል። በደሞዛችሁ ላይ አሞሌ ጨምሬላችኋለሁ!" አለ። ጫኔ እንደ ውርንጭላ እየፈነጨ ቤቱ ደረሰ።

"ማንጠግቦሽ! ተጨመረልን!"

"ተመስገን ነው። በል ገበያ ሂድና ገብሱን ይዘህ ና፤ ልጅቷ ርቧታል።"

ሄደ። ሲመለስ ጆሮው ወድቋል። ስልቻው ከወትሮው በአንዲት ፍሬ አልበለጠም።

"ጭማሪውስ?" አለች።

"ቁናው አነሰ። ነጋድራስን ብጠይቃቸው 'በክረምቱ እርጥበት ተኮማትሮ ነው' አሉኝ።"

ማንጠግቦሽ ስልቻውን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችና፣ "ገበያው ቀድሞህ ሰምቷል" አለች።

ዓመት ዞረ። መስከረም ሲጠባ ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ አንበሳውም ጨመረ። ጫኔ እየፈነጨ መጣ፣ ገበያ ወረደ፣ ጆሮው ወድቆ ተመለሰ። አሁንማ ስልቻው ካምናውም ጎድሏል።

"ዛሬስ ምን አሉህ?"

"ቁናው በፀሐይ ተኮማትሮ ነው አሉኝ።"

"በዝናብም ይኮማተራል፣ በፀሐይም ይኮማተራል? ገበያው ቀድሞህ ሰምቷል።"

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ነጋሪት ተጎሰመ፣ አንበሳው ጨመረ፣ ጫኔ ፈነጨ። ኧረ እንዲያውም አልፈነጨም፤ ትንሽ ዘለል ዘለል ብሎ ተወው። ከገበያ ሲመለስ የስልቻው ወገብ እንደ ተርብ ቀጥኗል። ነጋድራስ ያለው ምን መሰላችሁ? "ቁናዋን የሰፋችው ሴትዮ እጇ አጥሮባት ነው።"

በዚያ ዓመት የውርንጭላዋ ጎድን መቆጠር ጀመረ። ማንጠግቦሽ የራሷን ድርሻ እየቀነሰች ወደ ልጇ ትገፋላታለች፤ "ጠግቤያለሁ" ትላለች፤ ሆዷ ግን እየጮኸ ያጋልጣታል።

የሚከፋው ደግሞ ምስጋናው ነው። አንበሳው ባለፈ ባገደመ ቁጥር፣ "እኔ እኮ በየዓመቱ እጨምርላችኋለሁ! እንደኔ ያለ ጌታ የት አለ?" ይላል። ሠራተኞቹም በባዶ ሆዳቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ።

ጎረቤታቸው እትዬ በቅሎ ተቆጣች። "እንግዲህ ብዙ ጭማሪ እንጠይቅ! እጥፍ ይጨምሩልን!" አለች።

ማንጠግቦሽ ራሷን ነቀነቀች። "እትዬ፣ እጥፍ ቢጨምሩልን ቁናው በእጥፍ ይጠባል። መጀመሪያ ገበያው በማን ጆሮ እንደሚሰማ እንወቅ።"

አራተኛው መስከረም ሲደርስ ማንጠግቦሽ ነጋሪቱን ልትሰማ አልሄደችም። ጎህ ሲቀድ በቀጥታ ገበያ ወረደችና ከነጋድራስ ደጅ አጠገብ ካለ ቁልቋል ጀርባ ቆመች። ነጋድራስ ቀበሮ ወጣ። ያምናውን ቁና ይዞ ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል፣ ከሰማይ አንድ ቁራ ቁልቁል መጣና ትከሻው ላይ አረፈ።

"ጨመሩ!" አለ ቁራው እያለከለከ። "አሁን ነጋሪቱ ተመታ። ገና መንገድ ላይ ናቸው።"

"ጎሽ የኔ ልጅ!" አለ ቀበሮ። ለቁራው አንድ ሙዳ ሥጋ ወረወረለትና ያምናውን ቁና ወደ ጓዳ መልሶ፣ የሕፃን ቆብ የምታህል ቁና ይዞ ብቅ አለ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ኑ ወገኖቼ! ያው የድሮው ዋጋ ነው! ባንድ አሞሌ አንድ ቁና!" ብሎ ተጣራ።

ማንጠግቦሽ ልትጮህ ነበር። አልጮኸችም። ብትጮህ ማን ይሰማታል? ቀበሮው ቁናውን ካስቀመጠ በኋላ አልለወጠ፤ ሕግ አላፈረሰ። ጥርሷን ነክሳ ቤቷ ተመለሰች። በጋውን ሙሉ ነገሩን እንደ ድርቆሽ ስታመነዥግ ከረመች።

ሰኔ ገባ። ሰማዩ አረገዘ፣ ደመናው ተራራው ላይ ተኛ። የነጋድራስ ጉድጓዶች ገና አፋቸው ድረስ ገብስ ናቸው፤ ክረምት ሲጠብቅ የሚበላው ያጣ ሁሉ በውድ ይገዛኛል ብሎ ነው የቆለፈው። ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ሠራተኞቹን ሰበሰበች።

"ነገ ደሞዝ ትቀበላላችሁ። ጨዉን ከስልቻችሁ ስር ሸሽጉና እያለቀሳችሁ ውጡ" አለቻቸው።

ግመሉ አንገቱን ቀና አደረገ። "ደሞዝ ተቀብሎ ማልቀስ አዲስ ነገር ነው እንዴ? እኔ ገበያ በደረስኩ ቁጥር አለቅሳለሁ።"

"ነገ ከገበያው በፊት አልቅስ!"

በማግስቱ ጠዋት ቁራው እንደ ልማዱ አንበሳው ደጅ ካለው ሾላ ላይ ተቀምጧል። ሠራተኞቹ ደሞዛቸውን ተቀብለው ሲወጡ እዬዬው ቀለጠ! በቅሎዋ ደረቷን ትደቃለች፣ ግመሉ ያጓራል። ጫኔ መጀመሪያ ለይስሙላ ነበር የጀመረው፤ በኋላ ግን የልጁ ጎድን ትዝ አለውና እውነተኛ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ማንጠግቦሽም አጠገቡ ሆና ይህን ስታይ አብራ አለቀሰች።

ቁራው ዝቅ ብሎ በረረና፣ "ምን ሆናችሁ ጎበዝ?" አለ።

"አትጠይቀን ወንድሜ!" አለች ማንጠግቦሽ። "ደሞዛችን በግማሽ ተቆረጠ!"

ቁራው የቀረውን አልሰማም። ክንፉን እያጨበጨበ በረረ።

ነጋድራስ ቀበሮ ወሬውን ሲሰማ ጭራው ክው አለ። "ጨው ከሌላቸው ማን ሊገዛኝ ነው? ይኸው ዝናቡ ደጄ ቆሟል፤ ጉድጓዴ ውሃ ሊገባበት ነው። የበሰበሰ ገብስ ከምታቀፍ በርካሽ ልሽጠው!" አለ። ጓዳ ገባና ከአያቱ የወረሰውን፣ ሁለት ሰው የሚያነሳውን ትልቁን ቁና እየጎተተ አወጣ። ገበያው ፊት አስቀመጠው። "ኑ ወገኖቼ! አዝኜላችሁ ነው! ባንድ አሞሌ ይኼን ሙሉ ቁና!"

እትዬ በቅሎ አንድ አሞሌ አወጣች። ተሰፈረላት። ሌላ አወጣች። ነጋድራስ ደስ አለው። ሌላ አወጣች። ፊቱ ጠቆር አለ። ከዚያ ጫኔ መጣና የወር ደሞዙን በሙሉ ዘረገፈው።

"ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?" አለ ነጋድራስ።

"ከደሞዜ።"

"ደሞዛችሁ ተቆርጦ የለም እንዴ?"

"እርስዎ ዝም ብለው ይስፈሩ እንጂ!"

ቀበሮው ነገሩ ገባው። ዘሎ ቁናውን ሊያነሳ ሲል ግመሉ ረጅም አንገቱን በላዩ ዘረጋ። ገበያተኛው ባንድ ድምፅ፣ "ቁናው አይነካም! ሕግ ነው! ፀሐይ አልጠለቀችም!" ብሎ ጮኸ። ነጋድራስ ምን ያድርግ? እየሰፈረ አቃሰተ፣ እያቃሰተ ሰፈረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉድጓዶቹ ወለላቸው ታየ፤ ደጁ ላይ ግን የጨው ክምር ቆመ። እሱ ክምሩን እንኳ ሳይሸፍን በንዴት ወደ አንበሳው ሮጠ። ገበያተኛውም ተከተለው።

"ጌታዬ፣ ዳኝነት!" አለ መሬት ላይ ተንከባሎ። "ሠራተኞችዎ አታለሉኝ! ደሞዛችን በግማሽ ተቆረጠ ብለው በሐሰት አልቅሰው ገብሴን በነጻ ወሰዱት!"

አንበሳው ዐይኑ ቀላ። "እኔ ነኝ ደሞዝ የቆረጥኩት? በየዓመቱ የምጨምረው እኔ? ይህን ማን ተናገረ?"

ጫኔ ከግመሉ ጀርባ ተሸሸገ። አንበሳ እንደሆነ መሐላውን የሚጠብቀው ለወደደው ነው። ማንጠግቦሽ ግን ወደ ፊት ወጣች።

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ውሸትም አልተናገርኩም። እርስዎ ጨመሩ እንጂ አልቆረጡም። ግን ከአራት ዓመት በፊት በወር ደሞዛችን ሦስት ስልቻ ገብስ ይሞላልን ነበር። ዛሬ አሞሌው በዝቶ ሳለ አንድ ተኩል ነው የሚሞላው። ይህ በግማሽ ተቆረጠ አይባልም?"

"ታዲያ ጭማሬዬ የት ገባ?"

"ቁራው ከርስዎ ደጅ ወስዶ ነጋድራስ ጓዳ ያስገባዋል፤ ነጋድራስ ደግሞ ቁናውን ያጠቡታል። እስከ ዛሬ የጨመሩት ሁሉ ለኛ መስሎዎት ነው እንጂ ጌታዬ፣ ደሞዝ ሲጨምሩ የኖሩት ለቀበሮ ነው።"

አንበሳው ይህን ሲሰማ ጎፈሩ ቆመ። ከአህያው ርሃብ ይልቅ ይኼኛው ቃል ነው ያንገበገበው፤ ጌቶች እንዲህ ናቸው። "አንተ!" አለው ቀበሮውን፤ "አንዲት አሞሌ ሳትሸከምልኝ አራት ዓመት ደሞዜን ስትበላ ኖረሃላ?"

ቀበሮው አፉን ሊከፍት ሲል ሰማዩ ነጎደ። የሰኔ ዝናብ ወረደ፤ ኧረ ወረደ ማለት አይበቃም፣ ተዘረገፈ። ቀበሮው ጆሮውን አቆመ። "ጨዌን! ወይኔ ጨዌን!" ብሎ ወደ ገበያው ሮጠ። ሲደርስ ክምሩ ቀልጦ፣ ነጭ ጎርፍ ሆኖ በደጁ ቁልቁል ይወርዳል። ቁራው ጣራ ላይ ሆኖ አየና ጌታ ሊፈልግ ወደ ሌላ አገር በረረ።

አንበሳው ትልቁን ቁና አስመጥቶ በገዛ ደጁ አስቀመጠው። "ከእንግዲህ የሠራተኛዬ ደሞዝ በዚህ ይለካል። እንደ ድሮው ሦስት ስልቻ የሚያስሞላ አሞሌ ይከፈለው፤ ገብስ ሲወደድ አሞሌው ይጨመር" ብሎ ፈረደ። ነጋድራስ ቀበሮም ስልቻ ተጭኖ የቆላውን መንገድ እንዲለምደው ተደረገ። መጀመሪያ ቀን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ይህን ሁሉ ተሸክሞ በዚች ደሞዝ ማን ይኖራል?" ሲል ሰምቼዋለሁ የሚል አለ።

በሚቀጥለው የደሞዝ ቀን ጫኔ ቤቱ ሲገባ አልፈነጨም፣ ተጨመረልን ብሎም አልጮኸም። ሁለት ትከሻው እስኪጎብጥ የሞላ ስልቻ አወረደ። ውርንጭላዋ እስክትጠግብ በላች፤ በልታም እዚያው ስልቻው ላይ ተኛች። ማንጠግቦሽ ያን ቀን መጀመሪያ ለልጇ ሳትገፋ፣ ከባሏ ጎን ቆማ የድርሻዋን በላች።

እኔም የሰማሁትን አደረስኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ደሞዝ ተጨመረ የሚላችሁ ሲመጣ ይህችን አትርሱ፦

ጭማሪ በነጋሪት ቢነገር፣ ምስክሩ ሌማት ነው።