ፍሪጅ ያደረው ካሜራ

ጋምቤላ ውስጥ፣ በባሮ ዳር፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በላስቲክ ጠቅልሎ ቁልፎቹን በዳበሳ የሚጫን ሰው ሲገኝ፣ ወይም አንዱ ለክት ያስቀመጠውን ጫማ ሳያደርገው ብል ሲበላበት፣ የሚባል አንድ አባባል አለ። አባባሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከአንድ የደብረ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሺና ከአንድ የቢራ ፍሪጅ መወለዱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ዘመኑ ፎቶግራፍ ገና በፊልም የሚነሳበት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው አቶ ልሳነወርቅ ሳጥኑን ዘግቶ ሲመዝነው አሥራ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ። ውስጡ አንድ ካሜራ፣ ከጓደኛው የተዋሰው ክንድ የሚያህል ሩቅ አቅራቢ ሌንስ፣ አምስት ፊልም፣ ሦስት የጥጥ ጨርቅና አንድ ኪሎ የገብስ ቆሎ ነበረ። ቆሎው የመንገድ ስንቅ አልነበረም። ቆላ እርጥበት አለ፤ እርጥበት ሌንስ ያሻግታል፤ በደንብ የታመሰ ገብስ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ይህን ሁሉ ከነምክንያቱ በደብተሩ ላይ አስፍሮታል። ቆሎውን በሁለት የሻሽ ከረጢት ቋጥሮ በካሜራው ግራና ቀኝ አስቀመጠ። ካሜራውን በአራት ላስቲክ፣ አንዱን ባንዱ ላይ፣ ጠቀለለው። ባለቤቱ ወይዘሮ አጸደ ይህን አይታ፣ ባሏ ለካሜራ ስንቅ መቋጠር ጀመረ ብላ ለጎረቤት አወራች።

ይህን ያህል መጠንቀቁ ያለ ነገር አልነበረም። ልሳነወርቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳው ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ቀና በሉ፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ ዓይን አይርገብገብ ሲል ኖሯል። ሥራው በከተማው ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ አለ፤ በማንም ግድግዳ ላይ ግን የለም። በዚያ ዓመት አንድ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት፣ በባሮ ረግረግ አልፎ አልፎ የሚታየውን ባለ ጫማ አፍ ወፍ አንስቶ እስከ ሰኞ ካመጣ የቀን መቁጠሪያው ሽፋን ላይ እንደሚያወጣለት፣ ስሙንም ከሥሩ እንደሚጽፍለት ቃል ገባለት። ወፉ ግራጫ ነው፤ ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል፤ መንቆሩ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ የእንጨት ጫማ ይመስላል።

ጋምቤላ ሐሙስ ደረሰ። ያረፈው እትዬ ውድነሽ ሆቴል ነው። ባለ ታንኳው ኦጁሉ የሚባል፣ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፈው፣ የረግረጉን እያንዳንዱን ደንገል በዘር ማንዘሩ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሐሙስ ዘነበ። ዓርብም ዘነበ። የቀረው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ሆነ፤ አውሮፕላኑ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይነሳል።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ዝናቡ አባርቶ ሙቀቱ ሲመለስ ልሳነወርቅ ቴርሞሜትሩን አየ፤ ሠላሳ አራት ይላል። ፊልም በሙቀት እንደሚበላሽ፣ ባለሙያዎች ፍሪጅ ውስጥ እንደሚያስቀምጡት ያውቃል። ታዲያ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ገብቷል። ለፊልም የበጀ ለካሜራው ምን ይከፋዋል ብሎ አሰበ፤ ያሰበውንም በደብተሩ ጻፈና ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ እትዬ ውድነሽ ሄደ። በሆቴሉ ያለው ፍሪጅ አንድ ነው፤ እሱም በቢራ ተሞልቷል።

እትዬ ውድነሽ ሳጥኑንም ሰውየውንም አየችና፣ “የሞቀ ቢራ የጠጣ ሰው የሚሰድበኝን እርስዎ ይቀበሉልኛል?” አለችው።

እቀበላለሁ አለ። ቢራው ወጣ፣ ካሜራው ገባ። በዚያች ምሽት ልሳነወርቅ ከአራት ጠረጴዛ ተሰደበ፤ ሁሉንም በትዕግሥት ተቀበለ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሳጥኑን አወጣ። ቅዝቃዜው መንገድ ላይ እንዳይጠፋ በጋቢው ሸፍኖ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደ ወንዙ ወረደ። ኦጁሉ ከታንኳው ላይ አየው። በዕድሜ ስለሚበልጠው አንተ ነው የሚለው።

“ሳጥኑ ታመመብህ?”

“እንዳይሞቀው ነው።”

“ጋቢ አልብሰኸው?”

ልሳነወርቅ ቅዝቃዜም እንደ ሙቀት በልብስ እንደሚጠበቅ ሊያስረዳ ጀመረ። ኦጁሉ ግን መቅዘፊያውን አንስቶ ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ፣ ከአንድ የደንገል ጥግ እንደዞሩ፣ ወፉ ቆሞ አገኙት። በሠላሳ እርምጃ ላይ ነው። ፊቱን ወደ እነሱ አዙሯል፤ አንገቱ ቀጥ ብሏል፤ ዓይኑ አይርገበገብም። ልሳነወርቅ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ደንበኛ አላጋጠመውም። ጆሮው አለመታየቱ ብቻ ቀረ እንጂ ለመታወቂያ የሚሆን አቋቋም ነበር።

ኦጁሉ ታንኳውን አቁሞ፣ አሣ እስኪያገኝ አይነቃነቅም፣ ሲያገኝ ግን ይሄዳል አለ በሹክሹክታ።

ጋቢው ተገፈፈ። ሳጥኑ ተከፈተ። አራቱ ላስቲክ ተራ በተራ፣ ሳይቀደዱ፣ ተፈቱ፤ ይህ አራት ደቂቃ ወሰደ። ካሜራው ወጣ። ልሳነወርቅ ዓይኑን አስጠጋና ደንገሉም ወፉም ጋምቤላም ነጭ ሆነው ጠበቁት። ካሜራውን አዙሮ ሌንሱን ሲያየው መስተዋቱ ጉም ለብሷል፤ ከፍሪጅ እንደ ወጣ የቢራ ጠርሙስ አልቦታል።

በጨርቅ ጠረገው። እጁን ሳያነሳ ተመልሶ አላበው። ደግሞ ጠረገው። ሁለተኛውን ጨርቅ አወጣ። አሁን ላቡ በውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥም ነበር፤ ውስጡን የሚደርስበት ጨርቅ ደግሞ የለም።

ኦጁሉ ከኋላው ቁጭ ብሎ ይህን ሲያይ ቆየና፣ “ፀሐይዋ ያቻትና። አስጣው” አለው።

“አቶ ኦጁሉ፣ እኔ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ የለፋሁት ከፀሐይ ላድነው ነው።”

“እኔ ደግሞ ወፍ ልታነሳ የመጣህ መስሎኝ ነበር።”

ልሳነወርቅ ደብተሩን አውጥቶ ስለ ላብ የጻፈው እንዳለ ፈለገ። ስለ ዝናብ አለ፤ ስለ አቧራ አለ፤ ታንኳ ቢገለበጥ ስለሚደረገው ገጽ ተኩል አለ። ስለ ላብ ምንም የለም። ወደ ሦስተኛው ጨርቅ ተመለሰ። ከኋላው የሚቆረጠም ነገር ድምፅ ሰማና ዞረ። ኦጁሉ አንዱን የሻሽ ከረጢት ፈትቶ ጭኑ ላይ አድርጎታል።

“እሱ የካሜራው ነው” አለ ልሳነወርቅ።

“ካሜራው እኮ አልነካውም።”

ወፉ እንደ ቆመ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ሁለቱን ሰዎች አያቸው፤ ደንበኛ ወረፋው ሲረዝምበት እንደሚያየው ያለ አስተያየት ነበር። ልሳነወርቅ ሰኞን አሰበ። ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈውን ስሙን አሰበ። ሰባት ጊዜ ጠርጎ ሰባት ጊዜ አላበው። በመጨረሻ፣ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ላይ፣ ሌንሱን ወደ ፀሐይዋ አዙሮ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ኦጁሉን ላለማየትም ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

ላቡ ከዳር ወደ መሐል መሸሽ ያዘ። በስድስተኛው ደቂቃ ግማሹ ጠራ። በስምንተኛው ላይ ውኃው ጧ አለ። ወፉ አጎንብሶ ቀና ሲል ጫማ አፉ አሣ ይዟል። ዋጠው፤ ሰፊ ክንፉን ዘረጋ፤ እንደ ከባድ ሰው ደጋግሞ ተንደርድሮ ተነሳ። በዘጠነኛው ደቂቃ መስተዋቱ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ልሳነወርቅ ካሜራውን አንስቶ ሰማዩን አንድ ጊዜ አነሳ።

ኦጁሉ ከረጢቱን አቀበለው። ልሳነወርቅ አንድ እፍኝ ዘገነ፤ እስኪመለሱም ድረስ እየቆረጠሙ መጡ።

የቀን መቁጠሪያው በዚያ ዓመት በአበባ ሥዕል ወጣ። ልሳነወርቅ ግን ፎቶግራፉን አሳጥቦ፣ አሳድጎ፣ ስሙን በገዛ እጁ ከሥሩ ጽፎ፣ በሞቀ ቢራው ካሣ ለእትዬ ውድነሽ ላከላት። እሷም ከፍሪጁ በላይ ሰቀለችው። በማንም ግድግዳ ላይ የወጣ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነው። ሥዕሉ ሰማይ ብቻ ነው፤ በቀኝ ጥጉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። አንድ የውኃ መሐንዲስ ቢራውን ትቶ ተነስቶ በማስመሪያው ለካት፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ሆነች። ምንድን ናት ብሎ ቢጠይቅ፣ እትዬ ውድነሽ ወደ ኦጁሉ ጠቆመችው። ኦጁሉ ነገሩን ከጋቢው ጀምሮ በዝርዝር ተረከለት። ወፉ ቆሞ የጠበቀው ሃያ ሰባት ደቂቃ፣ ፀሐይዋ የጠየቀችው ዘጠኝ ደቂቃ መሆኑንም አልዘለለም።

ከዚያ የቀዘቀዘ ቢራውን አነሳና፣ ጠርሙሱ ላይ የወረደውን ላብ በአውራ ጣቱ እየጠረገ፣ “እንግዲህ ከፀሐይ የሸሸጉትን ጉም በላው” አለ።